የአዛውንት ዘመዶችን የጦርነት ዘመን ትዝታ ለመጠየቅና ለመመዝገብ የሚረዳ መመሪያ

ከአያት፣ ከአክስት ወይም ከታላቅ አጎት ጋር ተቀምጦ ስለ ጦርነት ዘመን መጠየቅ ቀላል ይመስላል። ሳይዘጋጅ የሚጠይቅ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ይዞ የሚመለሰው በትምህርት ቤት መጽሐፍ ውስጥ አስቀድሞ የተጻፈውን ታሪክ ነው፤ አዛውንቱ ጠያቂው መስማት የሚፈልገውን ገምተው እሱኑ ይነግሩታል። በመሀል አዲስ አበባ ደግሞ ሥራው ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። የጣሊያንን ወረራ በልጅነት ዐይናቸው ያዩ ሰዎች ዘጠናን አልፈዋል፤ በፒያሳ፣ በአራት ኪሎና በካዛንቺስ አንዱ የሌላውን ትዝታ እያረመ ይኖር የነበረው ጎረቤትም ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተበትኗል። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ስልክ፣ ደብተርና ትዕግሥት ላለው የቤተሰብ አባል ነው።

አስቀድሞ፦ የትኛው ጦርነት?

«የጦርነት ጊዜ» የሚለው አነጋገር ለእናንተና ለአያታችሁ አንድ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ዕድሜያቸውን አስሉ። በ1933 ዓ.ም. የተወለደች አያት ጣሊያንን አላየችም፤ ስለዚያ ዘመን የምትነግራችሁ የእናቷን ወሬ ነው። የራሷ ትዝታ የሚጀምረው ምናልባት በቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ መዝመት (1943 ዓ.ም.) ይሆናል፤ ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. የተጀመረውን የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ግን ለአቅመ ሔዋን ደርሳ ያየችው ነው። በ1940ዎቹ አጋማሽ የተወለዱት ደግሞ ወጣትነታቸው የወደቀው በ1966ቱ አብዮት፣ በ1969 እና በ1970 በነበረው የሶማሊያ ጦርነትና በቀይ ሽብር ላይ ነው። ከዚያ እስከ ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. የዘለቀው የሰሜኑ ጦርነት፣ ከዚያም ከ1990 እስከ 1992 የነበረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ይከተላሉ።

አንድ ገጽ ወረቀት ለሁለት ከፍላችሁ በግራ በኩል እነዚህን ዓመታት ጻፉ፤ የቀኙን ለቤተሰቡ ተዉት። ልደት፣ ጋብቻ፣ የቤት ለውጥ፣ የልጆች መወለድ፣ የዘመቱና የቀሩ ሰዎች ቀስ በቀስ እዚያ ይሞላሉ። ገጹ ሙሉ ሆኖ መጀመር የለበትም፤ ክፍት የቀረው ቦታ ራሱ የምትጠይቁትን ይነግራችኋል።

ፈቃድና ሰዓት

በደርግ ዘመን ስም መመዝገብ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ያዩ ሰዎች፣ ደብተር የያዘ የልጅ ልጅም ቢሆን ትንሽ ያሳስባቸዋል። ስለዚህ ለምን እንደምትቀዱ፣ ማን እንደሚሰማውና በፈለጉበት ጊዜ ማቆም እንደሚችሉ በግልጽ ንገሯቸው። «እማማ፣ ይህን የምቀዳው ለልጆቻችን እንዲቆይ ነው፤ ሌላ ሰው እንዲሰማው ካልፈቀዱ አላሰማም» ማለት ይበቃል። መልሳቸው በቅጂው መጀመሪያ ላይ በራሳቸው ድምፅ ይግባ። አጠራራችሁን ግን አትለውጡ። ዕድሜ ልካችሁን አያታችሁን «አንቺ» ስትሉ ኖራችሁ ስልኩ ሲከፈት «እርስዎ» ብትሏቸው ነገሩ የመሥሪያ ቤት ይመስላቸዋል፤ መልሱም የመሥሪያ ቤት መልስ ይሆናል።

ሰዓቱን እንደ ሰውየው ኑሮ ምረጡ። የሚጾሙ አዛውንት ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ ከቅዳሜና እሑድ በቀር በየዕለቱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ሳይበሉ ስለሚቆዩ ከሰዓት በፊት ቶሎ ይደክማሉ፤ ለእነሱ ጾም ባልሆነ ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ይሻላል። ሙስሊም አዛውንትን የሶላት ሰዓት እንዳያቋርጣቸው ከዙሁር በኋላ ጠይቁ። አንድ ሰዓት ተኩል ከበቂ በላይ ነው፤ ከዚያ በላይ መቀጠል ለእናንተ ጉጉት እንጂ ለእሳቸው አይጠቅምም። ቡና ጥሩ መግቢያ ነው፤ ጥሩ የመቅጃ ሰዓት ግን አይደለም። ሙቀጫው ያንኳኳል፣ ጎረቤት ይገባል፣ ጨዋታው ወደ ኑሮ ውድነት ይሄዳል። ቡናው ይጠጣና እንግዶች ከተበተኑ በኋላ ጀምሩ።

ስለ መቅጃው

የስልክ ድምፅ መቅጃ ይበቃል። ስልኩን ከኔትወርክ አውጡት፤ ከአፋቸው ከአንድ ክንድ ባልራቀ ቦታ ጨርቅ ላይ አስቀምጡት፤ መብራት ሊሄድ ስለሚችል አስቀድማችሁ ቻርጅ አድርጉት። ልብስ ላይ የምትሰካ ትንሽ ማይክሮፎን ካገኛችሁ በተለይ ለደከመ ድምፅ ብዙ ትረዳለች። በክረምት ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ መቅዳት ከንቱ ድካም ነው። የበዓል ዋዜማና የማኅሌት ሌሊት የድምፅ ማጉያው ስለሚበረታ፣ ቤታችሁ ለቤተ ክርስቲያን ቅርብ ከሆነ ቀኑን ለውጡ። ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ደቂቃ ቀድታችሁ አድምጡት።

ጥያቄው

ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ነው። «ጦርነቱ እንዴት ነበር?» ብሎ መጠየቅ ንግግር እንዲያደርጉ መጋበዝ ነው። ማንም ሌላ ሰው ሊነግራችሁ የማይችለው የቤቱን ጓዳ ስለሆነ ከጓዳው ጀምሩ። ውኃ ከየት ይቀዳ ነበር? ማን ይቀዳ ነበር? ሰዓት እላፊ ሲደርስ በሩን የሚዘጋው ማን ነበር፣ ያልገባ ልጅ ቢኖርስ? ጤፍ ሲጠፋ እንጀራው ከምን ተጋገረ? ከቀበሌው ሱቅ ስኳርና ዘይት ለመውሰድ ማን ተሰለፈ? ወንድምዎ ወደ ታጠቅ ጦር ሰፈር ሲሄዱ ምን ለብሰው ነበር፣ እስከ የት ሸኛችኋቸው? ደብዳቤ ይመጣ ነበር? ፊደል የቆጠረውና ደብዳቤውን ለቤቱ የሚያነበው ማን ነበር?

ከእነዚህ ሁሉ ብዙ ነገር የሚያወጣው የመርዶና የለቅሶ ጥያቄ ነው፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ቀን አይጠየቅም። መርዶው በማን በኩል መጣ? ሌሊት ነው ወይስ ሲነጋ? ድንኳን ተተከለ? በቀይ ሽብር ጊዜ ብዙ ቤተሰቦች ለተገደለ ልጃቸው ለቅሶ እንዳይቀመጡ ተከልክለው ስለነበር፣ «አልተለቀሰለትም» የሚለው አጭር መልስ በውስጡ የዓመታት ነገር ይዟል። እንዲህ ያለ መልስ ስትሰሙ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አትሩጡ። ዝም በሉ። «እንግዲህ ምን ልበልሽ…» ብለው ሲያቆሙ ወጣት ጠያቂ ነገሩ ያበቃ ይመስለዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ዋናው ወሬ ገና ሊጀመር ነው።

አንድ ጥያቄ ብቻ በአንድ ጊዜ ጠይቁ። ዓረፍተ ነገራቸውን አትጨርሱላቸው። ዓመት ቢሳሳቱ እዚያው አታርሙ፤ በደብተራችሁ ምልክት አድርጋችሁ እለፉ። ቀረርቶ፣ ሽለላ፣ እንጉርጉሮ ወይም ሙሾ ቢያወጡ እስከ መጨረሻው ይባል፤ ከዚያ ግጥሙን መጀመሪያ ከማን አፍ እንደሰሙትና ለማን እንደተባለ ጠይቁ። ልባቸውን በሌላ ቋንቋ የሚያወሩ ከሆነ፣ በኦሮምኛም በጉራጊኛም ይሁን፣ በዚያው ይናገሩና ቋንቋውን የሚያውቅ ዘመድ በኋላ ይተርጉመው።

ሴቶችን ለብቻቸው ጠይቁ። ባል ወይም ታላቅ ወንድም በተቀመጠበት ቤት የጦርነት ወሬ የወንዶቹ ይሆናል፤ ሴቶቹ «እሱ ያውቀዋል» ይላሉ። ከተማዋ ውስጥ ተቀምጠው ለአርበኞች መረጃና ስንቅ ያቀብሉ ከነበሩት የውስጥ አርበኞች መካከል እንደ ሸዋረገድ ገድሌ ያሉ ስማቸው የታወቀ ሴቶች እንደነበሩ ይታወቃል፤ ስማቸው ያልታወቀው ግን ስንቁን ያዘጋጁት፣ መልእክቱን በመቀነታቸው የቋጠሩት ናቸው። አያታችሁ ከእነሱ የአንዷ ልጅ ልትሆን ትችላለች፤ ካልጠየቃችኋት ግን አትነግራችሁም።

ያዩት፣ የሰሙትና በኋላ ያወቁት

ለእያንዳንዱ ወሬ «ይህን እርስዎ አዩት ወይስ ነገሩዎት?» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ። ሦስት ነገሮችን ለይታችሁ ጻፉ፤ በዐይናቸው ያዩትን፣ ከእናት ከአባታቸው የሰሙትን፣ በኋላ ከራዲዮ፣ ከቴሌቪዥን ወይም ከመጽሐፍ የጨመሩትን። ሦስተኛው ውሸት አይደለም፤ ሰው ሁሉ ትዝታውን በሰማው ይጠግነዋል። ሳይለይ ሲቀር ግን ከአርባ ዓመት በኋላ የሚያነበው ልጅ የትኛው የቤቱ፣ የትኛው የአገሩ እንደሆነ ማወቅ ያቅተዋል።

ዓመተ ምሕረት የሚናገሩ አዛውንት ጥቂቶች ናቸው። «ጣሊያን በገባ በዓመቱ»፣ «ታላቁን አርግዤ ሳለሁ»፣ «በዘመነ ሉቃስ»፣ «የሚካኤል ለት ነው» ይላሉ፤ ይህ ከቁጥር የበለጠ አስተማማኝ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ለምሳሌ አንዲት እናት «ሰው ያለቀው ዓርብ፣ የሚካኤል ለት ነው ትል ነበር እናቴ» ብትላችሁ፣ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረበት የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ዓርብ ቀን ነበር፤ 12ም የሚካኤል ነው። ትዝታው ይዟል ማለት ነው። ዘመነ ወንጌላዊ ሲጠሩላችሁ ደግሞ ዓመቱ ላይ 5500 ደምሩና ለ4 አካፍሉት፤ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለው ዮሐንስ ነው። 1929 ሲደመር 7429 ይሆናል፣ ለ4 ተካፍሎ 1 ይቀራል፤ ዘመነ ማቴዎስ።

በአዲስ አበባ ቤተሰቦች ዘንድ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሚያዝያ 27 ነው። ጣሊያን ከተማዋን የያዘው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲሆን ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው የገቡትም በዚያው ዕለት በ1933 ዓ.ም. ነው፤ ሁለቱም መድኃኔ ዓለም ነው። ስለዚህ «መድኃኔ ዓለም ለት ጦር ገባ» የሚል የተወረሰ ወሬ የትኛው እንደሆነ በቀኑ ብቻ አይለይም። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ከወጡ በኋላ ጣሊያን እስኪገባ ድረስ ከተማዋ ተዘርፋ ተቃጥላ ስለነበር፣ «ቤት ይቃጠል ነበር ወይስ ሰው እልል ይል ነበር?» ብላችሁ ብትጠይቁ ይለያል።

የተጻፈ ወረቀት ካገኛችሁ አቆጣጠሩን ተመልከቱ። በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፈ ከሆነ ከመስከረም እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ልዩነቱ 7፣ ከጃንዋሪ እስከ ጳጉሜ 8 ዓመት ነው፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1937 የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ዕቃዎቹና ሰፈሩ

በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ሣጥኑ እንዲከፈት ለምኑ። ፎቶግራፍ፣ ሜዳሊያ፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ የራሽን ካርድ፣ ከግንባር የመጣ ደብዳቤ ሁሉ ወሬ ያስነሣል። ፎቶውን ከቤት አታውጡ፤ መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ፣ ፊቱንም ጀርባውንም አንሡት። ጀርባው ላይ ያለው ጽሑፍና የፎቶ ቤቱ ማኅተም ብዙ ጊዜ ከፊቱ ይልቅ ይናገራል። ማን እንደሆኑ ከግራ ወደ ቀኝ እየጠሩ እንዲቀዳ አድርጉ።

እግራቸው የሚፈቅድ ከሆነ እሑድ ጠዋት፣ መንገዱ ሳይጨናነቅ፣ በመኪና ወደ ቀድሞው ሰፈር ውሰዷቸው። ቤቱ ፈርሶ ይሆናል፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የራስ መኮንን ድልድይ፣ የአራት ኪሎው የድል ሐውልት፣ የስድስት ኪሎው የሰማዕታት ሐውልት ግን አሉ፤ አዛውንት ከእነዚህ ተነሥተው የፈረሰውን በር በእጃቸው ያመለክታሉ። በስድስት ኪሎው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለው የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የካቲት 12ንም፣ በታኅሣሥ 1953 የታገቱት ባለሥልጣናት የተገደሉበትንም ቀን ያየ ስለሆነ፣ አንድ ቦታ ቆሞ የሁለት ትውልድ ወሬ ለመጠየቅ ይመቻል። መሄድ ካልቻሉ ወረቀት ላይ ቤተ ክርስቲያኑን ወይም መስጊዱን፣ ወንዙንና ዳቦ ቤቱን እናንተ እየሣላችሁ እሳቸው ይምሩ። መስቀል አደባባይ ወዳለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግን «ትዝታ እንዲቀሰቀስ» ብላችሁ ድንገት አትውሰዷቸው፤ ውስጡ የሟቾች አጽምና ልብስ አለ። ወንድማቸውን ያጡ ሰው መሄድ አለመሄዳቸውን ራሳቸው ይወስኑ።

ስለ ትውልድ ለውጥ

«የዛሬ ልጆች እንዴት ናቸው?» ብትሉ ወቀሳ ብቻ ታገኛላችሁ፤ ወቀሳው ደግሞ በየቤቱ አንድ ነው። ለውጥ የሚታየው ያው ነገር በእናታቸው፣ በእሳቸውና በልጃቸው ሲጠየቅ ነው። እናትዎን ማን ዳራቸው? እርስዎን ማን ጠየቀዎት? ልጅዎ ባሏን ስታመጣ ምን አሉ? አባት ሲገባ ማን ይነሣ ነበር፣ ዛሬስ? በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ወደ ገጠር ሲወጡ፣ ከአባቷ ቤት ውጪ አድራ የማታውቅ ልጃገረድ አብራ ሄዳለች፤ የመነኮሰች አክስታችሁ ከእነሱ አንዷ ከነበረች አባቷ በዚያ ጠዋት ያላትን ጠይቋት። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን በዚያው ግቢ አከራይና ተከራይ የነበሩት ሁለቱም ለቀበሌ ኪራይ የሚከፍሉ ጎረቤቶች የሆኑበት አጋጣሚ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ማን ለማን ቀድሞ ሰላምታ እንደሚሰጥ ማወቅ ስለ አብዮቱ ብዙ ያስረዳል።

በመጨረሻው ቀን አንድ ታዳጊ የልጅ ልጅ አስገቡና ራሱ የመረጠውን አንድ ጥያቄ ይጠይቅ። አዋቂ የሚያፍረውን ልጅ ይጠይቃል፤ አያትም ለልጅ ሲሉ ነገሩን ከሥሩ ያስረዳሉ።

ስስ ጉዳዮች

በአንድ ቤት ውስጥ የኢሕአፓ፣ የመኢሶንና የደርግ ወታደር ወንድማማቾች ሊኖሩ ይችላሉ፤ አንዱ በጣሊያን ጊዜ የበረኸ፣ ሌላው ለጣሊያን ያደረ አያት ያላቸውም አሉ። «ባንዳ» ወይም «ካድሬ» የሚለውን ቃል እናንተ አታምጡት። እሳቸው ካመጡት ያን ጊዜ የዚያ ሰው ሥራ ምን እንደነበር ጠይቁ። በነፍስ ወይም በጥቆማ የሚከሱት ሰው በሕይወት ካለ፣ ወይም ልጆቹ ጎረቤት ከሆኑ፣ ያን ክፍል ለይታችሁ አስቀምጡ፤ በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕም ሆነ በቲክቶክ አትልቀቁት። በሴቶች ላይ ስለተፈጸመ ጥቃት የሚወራ ከሆነ ጠያቂዋ ሴት ብትሆን ይሻላል፤ መቅጃው ይጥፋ ካሉም ይጥፋ።

ሲያለቅሱ አትደንግጡ፤ ጥያቄ ግን አትጨምሩ። መቅጃውን ዝጉ፣ አጠገባቸው ተቀመጡ፣ ሳይረጋጉ ከቤት አትውጡ፤ በማግስቱ ደውሉ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ እንዳጡ ከሰማችሁ ሥራውን አቁሙና ሐኪም እንዲያያቸው አድርጉ። የታሪክ ጉጉት ከዚህ አይበልጥም።

ከቅጂው በኋላ

የዚያኑ ቀን ፋይሉን ቀኑን፣ የተናጋሪውን ስምና የክፍሉን ቁጥር አድርጋችሁ ሰይሙት፤ ቀኑ በኢትዮጵያ ከተጀመረ ሁሉም በኢትዮጵያ ይሁን። አንዱን ቅጂ በኮምፒዩተር፣ አንዱን በፍላሽ፣ አንዱን ሌላ ቤት በሚኖር ዘመድ እጅ አስቀምጡ። የአንድ ሰዓት ድምፅ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ከአራት ሰዓት በላይ ሊፈጅ ስለሚችል መጀመሪያ በየአሥር ደቂቃው ምን እንደተወራ የሚያሳይ ማውጫ ብቻ ሥሩ። ስትገለብጡ አነጋገራቸውን ወደ መጽሐፍ አማርኛ አታቅኑት፤ የጣሊያንን ወታደር «ሰላቶ» ካሉ «ሰላቶ» ብላችሁ ጻፉ።

ሁለት ዘመዶች ያንኑ ቀን ለየቅል ቢነግሯችሁ አንዱን መርጣችሁ ሌላውን አትሰርዙ፤ ሁለቱንም በስማቸው ጻፉ። ጽሑፉን ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው፤ የሚያርሙትን በላዩ ሳይሆን በጎኑ ከነቀኑ ጻፉት። ቅጂውን ለወመዘክር (ለብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ወይም ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ለመስጠት የምታስቡ ከሆነ ተቋሙን አስቀድማችሁ አነጋግሩ፤ አዛውንቱም የትኛው ክፍል እንዲሰጥ፣ የትኛው ከቤት እንዳይወጣ፣ እሳቸው ካለፉ በኋላም ቁልፉ በየትኛው ልጃቸው እጅ እንዲሆን በራሳቸው ድምፅ ይናገሩ።